ሰባት ቤት ያልተቆጠረለት ውሻ

በመተማ ወረዳ የሰሊጥ እርሻ ያለው አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ አንድ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ በብዙ ብር ገዝቶ ወደ ቆላ አወረደ። ከቡችላው ጋር የአባቱ፥ የእናቱና የአያቶቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት ነበር፤ አጎቴም ወረቀቱን እንደ ርስት ደብዳቤ አጥፎ በሣጥን ቆለፈበት። ውሻው ሥጋና ወተት እየጠገበ በፍጥነት አደገ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው ሲነሣ ያቃስት፥ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል ባንድነት ያነሣ ጀመር። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ጥበቃውን ትቶ ከዳሱ ጥላ ሥር ተኝቶ ይውል ነበር።

ምክንያቱን ሁሉም በየፊናው ተናገረ። ገሚሱ «ቡዳ በላው» አለ፤ ገሚሱ የቆላውን ሙቀት ወቀሰ። በመጨረሻ ግን ጥፋቱ ባንድ የቀን ሠራተኛ ላይ አረፈና «ወገቡን በዱላ ሰብሮታል» ተብሎ፥ ሰውየው የሁለት ሳምንት ደመወዙን ሳይቀበል ተባረረ። ቆይቶ አንድ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን ራጂ አስነሥቶ ቢያየው የተሰበረ አጥንት አልተገኘም። በሽታው ከወላጆቹ የወረደ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው።

ዛሬ «የፈረንጅ ዘር» የሚባለውን ውሻ ማሳደግ በከተሞቻችን እየተለመደ ስለ ሄደ፥ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር አድርጎ መመልከት የሚጠቅም ይመስለኛል።

የጭን አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የዳሌው አጥንት ደግሞ ለዚያ ክብ ልክ የሆነ ጎድጓዳ አለው። ጤናማ ውሻ ሲራመድ ክቡ በጎድጓዳው ውስጥ ሳይላቀቅ ይዞራል። ሂፕ ዲስፕሌዢያ በሚባለው በሽታ ግን መጋጠሚያው ይላላል። ቡችላው ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ግን ጅማቶቹ አጥንቱን አጥብቀው መያዝ ስለሚሳናቸው ክቡ አጥንት በተራመደ ቍጥር ወጣ ገባ ይላል። ከዚህ የተነሣ ጎድጓዳው ጥልቀት ያጣል፤ ክቡም ይጠፈጠፋል፤ በመካከላቸው ያለው ልም አጥንት ይፋቃል። በመጨረሻ አጥንት ካጥንት እየተፋጨ የማያቋርጥ ሕመም ይሆናል። ሽኔል የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ይህን በሽታ በውሾች ላይ ገልጦ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው።

ይህን በሽታ የሚያመጣው አንድ ዘረ መል ብቻ አይደለም፤ ብዙዎች ተባብረው ነው። ስለዚህ ደኅና የሚራመዱ አባትና እናት ሽባ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ። በትላልቅ ውሾች ላይ የፊት እግር ክርንም እንዲሁ ይበላሻል፤ በትናንሾቹ ላይ ደግሞ በጉልበት ፊት ያለችው ክብ አጥንት ከቦታዋ እየተንሸራተተች ውሻውን ታነክሰዋለች። ዳክስሁንድ የተባለው አጭር ውሻ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው፤ ሰዎች የወደዱለት መልኩ ራሱ ጉድለቱ ነውና። እግሮቹ ያጠሩት አንድ ዘረ መል ተደግሞ በመገኘቱ መሆኑን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዚያው ዘረ መል ሌላ ድጋሚ የጀርባ አጥንት ዲስኮችን ያለጊዜያቸው ከሚያደርቀው በሽታ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ይህ ጉድለት በነዚህ ውሾች ላይ ለምን በዛ? የእንግሊዝ የውሻ አርቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1873 በለንደን ተቋቋመ፤ በማግሥቱም ዓመት የመጀመሪያውን የዘር መዝገብ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1899 ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ መኰንን ሆራንድ ያለውን አንድ ውሻ በመዝገብ አንደኛ አድርጎ የጀርመን ሼፐርድን ዘር መሠረተ። የተፈለገው መልክ እንዳይጠፋ ሲባል ዘመድ ከዘመድ ይጋባ ነበር። መዝገቡ ከተዘጋም በኋላ ከውጭ አዲስ ደም እንዲገባ አይፈቀድም። «ንጹሕ ዘር» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ንጹሕ ማለት የተዘጋ ማለት ነው።

ያገራችን ሽማግሌዎችም ዘር ይቈጥራሉ። የሚቈጥሩት ግን ሙሽራውና ሙሽራይቱ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዳይገናኙ ነው። የውሻ አርቢው መዝገብ ሲገለጥ ያው አንድ ስም በአባት በኩልም በእናት በኩልም ተደጋግሞ ይገኛል፤ አርቢውም ይህን ጌጥ ይለዋል። ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ተሸሽጎ የሚኖር ጉድለት፥ ከሁለቱም ወገን ሲመጣ ይገለጣል። ያ የለንደን ማኅበር እናትን ከልጇ፥ አባትን ከልጁ፥ ወንድምን ከእኅቱ አዳቅሎ ማስመዝገብን የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያወቁትን የሠለጠነው ዓለም ለውሻው ሲፈቅድለት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀበት።

የሰው እጅ ባይኖርበትም ነገሩ ያው ነው። በሰሜን አሜሪካ በአይል ሮያል ደሴት ላይ ተለይተው ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ሲራቡ የኖሩ ተኵላዎች አፅም ሲመረመር፥ ከግማሽ የሚበልጡት የጀርባ አጥንታቸው ሲፈጠር የተዛባ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ ግሬይሀውንድ የተባለው ውሻ ዘሩ ተመዝግቦ ሳለ የዳሌ በሽታ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለብዙ ዘመን የተመረጠው በመልኩ ሳይሆን በሩጫው ነበርና። ስለዚህ ጥፋቱ ለምን እንደሚመረጥና ከማን ጋር እንደሚዳቀል አለማስተዋል ነው እንጂ መምረጡ ራሱ አይደለም።

ወደ መተማ እንመለስ። በመተማም ሆነ በቋራ ከብት ተከትሎ የሚውለው ውሻ የዘር ወረቀት የለውም። የሚመርጠው ጅቡ፥ ረኀቡና የቆላው ፀሐይ ነው። በዓመቱ መነሣት የሚያቅተው ውሻ ልጅ ሳይተካ ይጠፋል። ይህ ምርጫ ጨካኝ ነው፤ የአገር ውሻም በሽታ አይነካውም ማለት አይደለም፤ የውሻ እብደት ሲገባ አይምረውም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ሽባ የሆነውን ውሻ አባት አያደርገውም።

ከውጭ የመጣ ዘር ውሻ መግዛት የሚፈልግ ሰው ከስም ዝርዝሩ ይልቅ የአባቱንና የእናቱን የዳሌ ራጂ ይጠይቅ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1966 ለዚሁ ጉዳይ ተቋም አቋቁመዋል፤ ተቋሙም ውሻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመጨረሻውን ምስክርነት አይሰጥም። ሁለተኛ፥ ቡችላ አይቀለብ። አርባ ስምንት ላብራዶር ውሾች ተከፍለው እኩሌቶቹ ከወንድሞቻቸው ሩብ ያነሰ ምግብ ሲሰጣቸው፥ የመጋጠሚያ በሽታቸው ዘግይቶና ቀንሶ መታየቱ፥ ዕድሜያቸውም ወደ ሁለት ዓመት ግድም መርዘሙ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጽፏል። የአጎቴ ሥጋና ወተትም እንግዲህ ከበሽታው ጋር ተባብሮ ነበር። ሦስተኛ፥ የታመመ ውሻ ከአገር ውሻ ጋር ቢዳቀልም ጉድለቱን ማውረሱ ስለማይቀር ጨርሶ አይዳቀል።

አጎቴ እውነቱን ከሰማ በኋላ ያን የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ሊከፍለው አስፈልጎት ነበር። ለአጨዳ ወደ ሁመራ ተሻግሯል አሉት፤ እስካሁንም አላገኘውም። ወረቀቱ ግን ዛሬም ከሣጥኑ ውስጥ አለ።