የጋራ መዝገብና የግል ጥቅም

ከሐምሌ 30 እስከ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ዊኪማኒያ በመባል የሚታወቀው ይህ ጉባኤ 20ኛው ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሲደረግ ግን የመጀመሪያው ነው። ከተሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ ዊኪፒዲያ የተባለውን የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ያለ ክፍያ የሚጽፉና የሚያርሙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ዊኪፒዲያ የተጀመረው ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መዝገበ ዕውቀት የሚዘጋጀው ለዚሁ ሥራ በተመረጡ ሊቃውንት ነበር። በዊኪፒዲያ ላይ ግን ተማሪም ሆነ መምህር፣ ገበሬም ሆነ ነጋዴ አዲስ ጽሑፍ ሊያቀርብ፣ ሌላው የጻፈውንም ሊያርም ይችላል። እያንዳንዱ ለውጥ መቼና በየትኛው መለያ እንደተደረገ በየገጹ ታሪክ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ይህ ለሁሉም ክፍት መሆን የመዝገቡ ብርታት ነው፤ የችግሩም ምንጭ ከዚሁ ይቀዳል። ምክንያቱም በሩ ለሁሉም ሲከፈት፣ ስለ ራሱ ሊጽፍ የሚመጣም አብሮ ይገባል።

አንድ ሰው ስለሚጽፈው ነገር እውነቱን የመግለጽ ግዴታ እያለበት፣ በዚያው ነገር የግል ጥቅም ወይም የቅርብ ዝምድና ሲኖረው፣ ሁኔታው የጥቅም ግጭት ይባላል። ጥቅም ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ፣ ወዳጅነት፣ የሥራ ቦታና ክብርም በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላሉ። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ማለታቸው ይህንኑ የሰው ባሕርይ ስለ ተገነዘቡ ነው። ቆራሹ ሌባ ባይሆንም፣ እጁ ሳይታወቀው ወደ ራሱ ያደላል።

ለምሳሌ፣ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች በብዛት በሚነግዱበት በናይሮቢ የኢስትሌይ ሰፈር አባቱ ምግብ ቤት ያለው አንድ ወጣት አለ እንበል። ወጣቱ በዊኪፒዲያ መጻፍ እንደ ጀመረ በመጀመሪያ የሚታሰበው የአባቱ ምግብ ቤት ነው። «በከተማው ውስጥ ወደር የማይገኝለት» ብሎ ይጽፋል። በማግሥቱ አንድ ነባር አራሚ ጽሑፉን ሰርዞት ያገኛል። ወጣቱ ይናደዳል፤ የተበደለም ይመስለዋል። በእርግጥ አልዋሸም፤ ያመነበትን ጽፏል። ሆኖም ምግብ ቤቱ ወደር የማይገኝለት መሆኑን የመሰከረው ልጁ ብቻ ነው። አንባቢ ደግሞ የልጅን ፍቅር ከተረጋገጠ ዕውቀት የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የጥቅም ግጭት የግድ ከክፉ ሐሳብ የሚመነጭ አይደለም። አዲስ ጸሐፊ በሚያውቀውና በሚወደው ነገር መጀመሩ የተለመደ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ በዚህ የሚሰናከሉት ቅን የሆኑ ጀማሪዎች ናቸው።

ከዚህ ፈተና ነባሮችም አላመለጡም። ከዊኪፒዲያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ ስለ ራሱ የሕይወት ታሪክ የተጻፈውን ገጽ ደጋግሞ ማረሙ በ1998 ዓ.ም. ታወቀ። ካረማቸውም ነገሮች አንዱ ላሪ ሳንገር የሥራው ተባባሪ መሥራች መሆኑን የሚገልጸው ነበር። ኋላም ድርጊቱ ተገቢ እንዳልነበረ አምኖ ተጸጽቷል። ሕጉን የሚያውቅ ሰው እንኳ በራሱ ጉዳይ ላይ ሚዛኑ ከዛነፈ፣ ጀማሪ ቢሳሳት የሚያስገርም አይሆንም።

ሆን ብለው በዚህ የሚነግዱም አሉ። በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አራሚዎች 381 የጸሐፊ መለያዎችን አገዱ። የመለያዎቹ ባለቤቶች ማንነታቸውን ደብቀው፣ ጽሑፋቸው ተቀባይነት ያጡ ነጋዴዎችንና የጥበብ ሰዎችን እየፈለጉ፣ ገጹን ለማውጣትና ለመጠበቅ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህም የተጎዳው አንባቢው ብቻ አልነበረም፤ ከፋዮቹም ተታለዋል።

ሽልማትም ጥንቃቄን ይጠይቃል። በ2002 ዓ.ም. ጉግል የተባለው ኩባንያ የስዋሂሊውን ዊኪፒዲያ ለማሳደግ ለኬንያና ለታንዛንያ ተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። የሕዝብን ቋንቋ በዕውቀት ለማበልጸግ ወጣቶችን ማነሣሣት የሚደገፍ ተግባር ነው። ይሁንና ለሽልማት የሚጽፍ ሰው «ስንት ጻፍሁ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ያህል እውነት ጻፍሁ?» የሚለውን እንዳይሸፍንበት መጠንቀቅ አለበት።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ግልጽነት ነው። ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ወዲህ፣ ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚከፍለውና ለማን እንደሚሠራ እንዲያስታውቅ የዊኪፒዲያ የአጠቃቀም ደንብ ያስገድዳል። ሁለተኛው ብዕርን ለሌላ መተው ነው። የኢስትሌዩ ወጣት በገጹ የውይይት ክፍል «የምግብ ቤቱ ባለቤት አባቴ ነው» ብሎ ከገለጸ በኋላ፣ እንዲጨመር የሚፈልገውን ከማስረጃው ጋር ሊያቀርብ ይችላል። ጽሑፉ ይግባ አይግባ የሚለውን የሚወስኑት ግን ጥቅም የሌላቸው ሌሎች ናቸው። ሦስተኛው በምስክር መደገፍ ነው። ምስክሩም ከባለጉዳዩ ቤት ያልወጣ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም ጥናት መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ሌላ፣ ወጣቱ ጥቅም በሌለው ጉዳይ ላይ ሜዳው ሰፊ ነው። በ1891 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ስለ ተቆረቆረችው ስለ ናይሮቢ ታሪክ ቢጽፍ፣ ማንም በአድልዎ አይጠረጥረውም።

በሌላ በኩል ነባር አራሚዎችም ግዴታ አለባቸው። ጀማሪውን እንደ ወንጀለኛ ቆጥረው ቢያሳፍሩት ተመልሶ አይመጣም። ስሕተቱን በትዕግሥት ቢያስረዱት ግን ነገ እርሱ ራሱ የመዝገቡ ጠባቂ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ የአማርኛው ከ15 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ጽሑፎች አሉት፤ በየጊዜው የሚጽፉበትም ጥቂቶች ናቸው። አራሚ በሚበዛበት ቦታ ያጋደለ ቃል ቶሎ ይቃናል። አራሚ በሚያንስበት ግን አንድ ሰው ለራሱ፣ ለዘመዱ ወይም ለድርጅቱ ያደላበት ገጽ ለዓመታት እንዳለ ሊቆይ፣ ተማሪም እውነት ነው ብሎ ሊማረው ይችላል። የጋራ ማዕድ የሚከበረው ቆራሹ የራሱን ድርሻ ለሌላ ሰው ፍርድ ሲተው ነው፤ የጋራ መዝገብም እንዲሁ ነው።