ተጨማሪ መረጃ፦ የእንስሳት ሐኪሙና የግዕዝ ፊደል

የግዕዝን ፊደል ለኮምፒውተር ካበቁት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶ/ር አበራ ሞላ ናቸው። የሠለጠኑት ግን በእንስሳት ሕክምና ነበር። አሜሪካ እየኖሩ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው፦ ለ26 የላቲን ሆሄያት የተሠራ የቁልፍ ገበታ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ እንዴት ይሸከማል? እንደ ሏ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። መልሱንም ራሳቸው ፈለጉት። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ፊደላችንን ያካተተው ዘግይቶ፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው።

በሌላ ሙያ የሠለጠነ ሰው ይህን ከሠራ፣ ታዲያ የኮምፒውተር ዲግሪ ከንቱ ነው? ደሴ አቅራቢያ ባለችው በገራዶ ለሚማር ተማሪ እንዲህ ብሎ መንገር በደል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል፤ ወረቀቱ የሌለው አመልካች ችሎታውን የሚያሳይበት ዕድል እንኳ አያገኝም። ሶፍትዌር የሚያሠሩ የግል ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ ሠርተህ አሳየን ይላሉ።

ዲግሪውን ለሚፈልግ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይገኛል። ሙያ መቀየር ያሰበ መምህር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግና የዳታ መሠረታዊ ትምህርትን በኢንተርኔት በነፃ ተምሮ የምስክር ወረቀት መያዝ ይችላል። ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ለብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ ለሚባለው፣ መቀመጥ ይችላል።