ከሐኪም ማዘዣ እስከ በሽተኛ ቤት፦ ስለ መሠረታዊ የመድኃኒት ቃላት፣ ስለ ማዘዣ ምሕጻረ ቃላትና ስለ ቁጥጥር ስያሜዎች

መግቢያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ፣ በገርጂ ሰፈር የምንኖር እንደመሆናችን በየመንገዱ ዳር በብዛት የምናነበው ጽሑፍ ስለ መድኃኒት የሚናገር ነው። ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» ብሎ የሚጠራው ሆስፒታል በዚሁ ሰፈር ይገኛል፤ መድኃኒት የሚሸጡ ቤቶችም በርካታ ናቸው። አንደኛው በር «ፋርማሲ»፣ ሁለተኛው «መድኃኒት ቤት»፣ ሦስተኛው «የመድኃኒት መደብር» ይላል። ለአላፊ አግዳሚው ሦስቱም አንድ ናቸው። በሙያው ዘንድ ግን ፋርማሲና የመድኃኒት መደብር በሚያስተዳድራቸው ባለሙያ ደረጃና በሚይዙት የመድኃኒት ዓይነት የሚለያዩ ሲሆኑ፣ «መድኃኒት ቤት» የሁሉም የወል መጠሪያ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ግን የበር ላይ ጽሑፍ አይደለም። በአንድ የዐቢይ ጾም ወቅት አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ሳል ጸንቶባቸው ታከሙና ከሰፈራችን ውጭ ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ባለ 500 ሚሊግራም የአሞክሲሲሊን እንክብል 21 ፍሬ ይዘው ተመለሱ። የተነገራቸውም «አንድ አንድ ፍሬ፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ ለሰባት ቀን» የሚል ነበር። በሳምንቱ፣ በግቢያችን ተከራይታ የምትኖር አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ልትጠይቃቸው ገብታ ማሸጊያውን ብታየው 14 ፍሬ ተርፏል።

«እማማ፣ መድኃኒቱን አቋረጡት እንዴ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ኧረ ልጄ፣ አንድም ቀን አላጓደልኩ። በስምንት ሰዓት ውሰጂ ተባልኩ፤ ይኸው ከቅዳሴ መልስ በስምንት ሰዓት በስምንት ሰዓት እውጣለሁ።» አሏት።

ሳሉም አልተወም ነበርና እንደገና ወደ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ሐኪሙ በትክክል አዟል፤ መድኃኒቱም ትክክለኛ ነው፤ አዛውንቷም የሰሙትን ትእዛዝ አክብረዋል። የጠፋው ነገር «በየ» በሚለው ቅጥያ ውስጥ ያለችው «የ» ብቻ ናት። «በየስምንት ሰዓቱ» እና «በስምንት ሰዓት» በቀለም ይቀራረባሉ፤ በሕክምና ግን አንደኛው በቀን ሦስት፣ ሁለተኛው በቀን አንድ ፍሬ ማለት ነው። ተማሪዋ ወደ እኛ መጥታ «የእናንተ ሙያ ለዚህ ምን ይላል?» ብትለን፣ መልሱን ለእርሷና ለመሰሎቿ የጤና ተማሪዎች በጽሑፍ ለማቅረብ ወሰንን።

1. «መድኃኒት» የሚለው ቃል

«መድኃኒት» ከግዕዙ «ድኅነ» የወጣ ነው፤ በግዕዝ መዳንን ሁሉ፣ የሥጋንም የነፍስንም፣ ያመለክታል። «መድኃኔ ዓለም» የሚለው ስያሜ ከዚሁ ሥር ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ሌላ ፊትም አለው። «የአይጥ መድኃኒት» ስንል የሚገድለውን ማለታችን ነው፤ «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባልም ፈውስ አይታሰብም። «ፋርማሲ» እና «ፋርማኮሎጂ» የተገኙበት የግሪኩ «ፋርማኮን» እንዲሁ ፈውስንም መርዝንም የሚይዝ ቃል ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ እውነት ላይ ደርሰዋል፤ ይኸውም የሚያድነውንና የሚገድለውን የሚለየው ብዙ ጊዜ መጠኑ መሆኑ ነው።

የመድኃኒት ቅርጽ ስሞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ክኒን» ኪኒን ከተባለው የወባ መድኃኒት ስም የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ማንኛውንም የሚዋጥ ፍሬ ያመለክታል። «መርፌ» መሣሪያውንም በመሣሪያው የሚሰጠውንም መድኃኒት ይጠራል። «ጉሉኮስ» በሕዝቡ አነጋገር በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሁሉ ነው። ተማሪው እነዚህን አጠቃቀሞች እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊንቃቸው አይገባም። በሽተኛው «ጉሉኮስ ተሰጠኝ» ሲል ምን እንደተሰጠው ገና አልታወቀም ማለት ነውና፣ መጠየቅ እንዳለበት ግን ይወቅ።

2. የማዘዣ ምሕጻረ ቃላት

በማዘዣ ወረቀት ራስጌ የሚገኘውና «አር ኤክስ» እየተባለ የሚነበበው ምልክት «ሬሲፔ» ከሚለው የላቲን ትእዛዝ አንቀጽ የመጣ ነው፤ ፍችውም «ውሰድ» ነው። ትእዛዙ ለበሽተኛው ሳይሆን መድኃኒቱን ለሚቀምመው ባለሙያ የተሰጠ ነበር። የእኛም «ማዘዣ» «አዘዘ» ከሚለው ግሥ የተገኘ በመሆኑ ከላቲኑ ጋር በሐሳብ ይገጥማል።

ተማሪው ዘወትር የሚያገኛቸው ምሕጻረ ቃላት የሚከተሉት ናቸው፦

ቢ.አይ.ዲ. (ቢስ ኢን ዲኤ) — በቀን 2 ጊዜ።
ቲ.አይ.ዲ. (ቴር ኢን ዲኤ) — በቀን 3 ጊዜ።
ኪው.አይ.ዲ. (ኳቴር ኢን ዲኤ) — በቀን 4 ጊዜ።
ኪው.ዲ. (ኳኴ ዲኤ) — በየቀኑ፣ አንድ ጊዜ።
ኤ.ሲ. (አንቴ ሲቡም) — ከምግብ በፊት፤ ፒ.ሲ. (ፖስት ሲቡም) — ከምግብ በኋላ።
ኤች.ኤስ. (ሆራ ሶምኒ) — በመኝታ ሰዓት።
ፒ.አር.ኤን. (ፕሮ ሬ ናታ) — ሲያስፈልግ።
ፒ.ኦ. (ፔር ኦስ) — በአፍ።
ስታት (ስታቲም) — አሁኑኑ።

እነዚህ ጽሑፎች ለሐኪሙ ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ለበሽተኛው ግን አደጋ ያዘሉ ናቸው። «ኪው.ዲ.» እና «ኪው.አይ.ዲ.» በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ አንባቢው ከተሳሳተ መድኃኒቱ አራት እጥፍ ይሆናል። «ኦ.ዲ.» ለአንዱ «በቀን አንድ ጊዜ»፣ ለዓይን ሐኪሙ ደግሞ «ቀኝ ዓይን» ነው። «ዩኒት» የሚለው የኢንሱሊን መለኪያ በላቲን መነሻ ፊደሉ ብቻ ሲጻፍ ዜሮ መስሎ ይነበብና መጠኑን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ጆይንት ኮሚሽን የተባለው የአሜሪካ የጤና ተቋማት መዛኝ ድርጅት በ2004 እ.ኤ.አ. «ኪው.ዲ.»ን እና የዩኒትን አጽሕሮት ጨምሮ የማይጻፉ ምሕጻረ ቃላትን ዝርዝር አውጥቷል። በዚያው ዝርዝር ከሙሉ ቁጥር በኋላ «1.0» ብሎ ዜሮ መጨመር፣ ከነጥብ በፊትም ዜሮን መተው ተከልክሏል፤ «1.0» አሥር፣ «.5» ደግሞ አምስት ሆኖ ሊነበብ ስለሚችል ነው።

«እንግዲያስ የራሳችንን የአማርኛ ምሕጻረ ቃላት ብንፈጥርስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኛ አንደግፈውም። ፊደላችን የራሱ ወጥመድ አለውና። ለሚሊግራም «ሚ.ግ.»፣ ለማይክሮግራም «ማ.ግ.» ብንጽፍ፣ «ሚ» ከ«ማ» የምትለየው በእግሯ ላይ ባለች አንዲት ጭረት ብቻ ናት። አንድ ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው። በአንዲት ጭረት ሺህ እጥፍ የሚሳሳት አጽሕሮት ከማውጣት ቃሉን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል። ላቲኑን ተማሪው ለማንበብ ይማረው፤ ለበሽተኛው ሲጽፍ ግን «ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ» ብሎ ይጻፍ።

3. ሰዓት፣ ዓመተ ምሕረት፣ ምግብና ማንኪያ

«ሰዓት» በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ የጊዜ ርዝመትንና የቀኑን ነጥብ። በዚህ ላይ አቆጣጠራችን ከንጋት ስለሚጀምር ከውጭው ሰዓት በ6 ይለያል። በሆስፒታል መዝገብ ላይ 08:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ በእኛ ቀን 8 ሰዓት የሚባለው በመዝገቡ 14:00 ነው። ስለዚህ «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ትእዛዝ ለበሽተኛው ሲነገር በነጥብ ይዘርዘር፦ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት»። እንዲህ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ጎረቤታችን 14 ፍሬ አይተርፋቸውም ነበር።

የዓመቱም ነገር ከዚህ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። በማሸጊያ ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ጊዜው ያለፈ መድኃኒት፣ በ2017 ዓ.ም. በቤቱ ላገኘው ሰው ገና አራት ዓመት የቀረው መስሎ ይታያል። ወሩም እንዲሁ ነው፤ 03 ማለት ማርች ሲሆን፣ ከመስከረም ለሚቆጥር ሰው ግን ኅዳር ነው። መድኃኒት አዳዩ የመጠቀሚያ ጊዜውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በብዕር ቢጽፍበት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

«ከምግብ በኋላ» የሚለውም የሚመስለውን ያህል ግልጽ አይደለም። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ክርስቲያን፣ በረመዳንም እስከ መግሪብ ለሚጾም ሙስሊም «ከቁርስ በኋላ» የሚባል ጊዜ የለም። አንዳንዱ ጊዜውን በራሱ ያሸጋግራል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ይተወዋል። ስለዚህ «ጾም ይዘዋል?» ብሎ መጠየቅ የትእዛዙ አንድ ክፍል ነው። «ማንኪያ»ም ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ የሻይ ማንኪያ በመድኃኒት ልክ 5 ሚሊሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ነውና፣ ሽሮፕ ለሕፃን ሲታዘዝ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው።

4. የሚምታቱ ቃላት

ሀ) ዶዝ። በባለሙያው ዘንድ ዶዝ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ መጠን ነው። በሕዝቡ ዘንድ ግን «ዶዙን ጨረሰ» ሲባል የታዘዘውን ሁሉ ወስዶ ፈጸመ ማለት ነው። አንዱን ፍሬ የዋጠ ሰው «ዶዜን ወስጃለሁ» ቢል ሁለቱም ትርጉም ያስኬዳል። ስለዚህ «የአንድ ጊዜ መጠን»፣ «የቀን መጠን» እና «ሙሉ መጠን» ብለን ሦስት እንድንለይ እናሳስባለን። «ሲያስፈልግ» የሚባል መድኃኒትም ያለ ቀን መጠን አይታዘዝ፤ ለምሳሌ ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ፣ መብለጥ የለበትም።

ለ) መላመድ። «ሰውነቱ መድኃኒቱን ተላመደ» እንላለን፤ «መድኃኒትን የተላመደ ቲቢ» ም እንላለን። የመጀመሪያው የሰውነት፣ ሁለተኛው የጀርም ጠባይ ነው። ቃሉ አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚላመደው የራሱ ሰውነት ብቻ ይመስለዋል፤ ጀርሙ ከእርሱ ወደ ጎረቤቱ ተላልፎ መድኃኒቱን እዚያም ከንቱ እንደሚያደርገው አይታየውም። እኛ «መላመድ»ን ለሰውነት፣ «መቋቋም»ን ለጀርም፣ መድኃኒቱ ሲቀር ሰውነት የሚታወክበትን ሁኔታ ደግሞ «ጥገኝነት» ብለን ብንከፍል መልካም ነው እንላለን።

ሐ) መጋመሻ ጊዜ። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ የሚቀንስበትን ጊዜ አንዳንዶች ቃል በቃል «ግማሽ ዕድሜ» ይሉታል። ይህ የመድኃኒቱ ዕድሜ አጋማሽ ያስመስለዋል። «መጋመሻ ጊዜ» ግን ድርጊቱን ይናገራል፤ መጋመሻ ጊዜው 4 ሰዓት የሆነ መድኃኒት 100 ሚሊግራም በደም ቢገኝ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ 50፣ ከ8 ሰዓት በኋላ 25 ይቀራል። በየስንት ሰዓቱ መወሰድ እንዳለበት ሲወሰን ከሚታዩት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው።

መ) የጎንዮሽ ጉዳት። ይህ ስያሜ ሥር ሰድዷል፤ ይሁን እንጂ ከታሰበው ውጭ የሚመጣ ሁሉ ጉዳት አይደለም። ጠቅላላውን «የጎንዮሽ ውጤት»፣ የሚጎዳውን ብቻ «የጎንዮሽ ጉዳት» ማለት ይገባል።

ሠ) ማደንዘዣና አደንዛዥ። የመጀመሪያው ለቀዶ ሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሁለተኛው በሕዝብ አነጋገር «አደንዛዥ ዕፅ» ነው። ሞርፊን በሕግ ከናርኮቲክ መድኃኒቶች የሚመደብ ቢሆንም ጽኑ ሕመምን ያስታግሳል፤ ለታማሚው ቤተሰብ «አደንዛዥ ታዘዘለት» ብሎ መናገር ግን መድኃኒቱን ከደጅ ያስመልሳል።

5. የቁጥጥር ስያሜዎች

የሕጉን ቋንቋ ለማወቅ ሦስት አዋጆችን ማየት ይበቃል፦ የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ እንዲሁም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011። በርእሶቹ የተቆጣጣሪው የሥራ ክልል ሲሰፋና ሲጠብ ይታያል፤ በመጨረሻውም ርእስ «ቁጥጥር» ቀርቶ «አስተዳደር» ብቻ ቆሟል። ሥራውን ዛሬ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ተቆጣጣሪው አንድን መድኃኒት ከመመዝገቡ በፊት የሚመረምራቸው ሦስት ነገሮች ደኅንነት፣ ፈዋሽነትና ጥራት ናቸው። «ደኅንነት» ከ«መድኃኒት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። «ፈዋሽነት» «ፈወሰ» ከሚለው የተገኘ ሲሆን፣ ለውጭው ቃል የተገኘ የተዋጣ አቻ ነው ብለን እናምናለን። «ጥራት» በሁሉም ዘርፍ የሚሠራበት ነው። ሦስቱን መለየት ይጠቅማል፤ የሚፈውስ መድኃኒት ሁሉ ጉዳት የለሽ አይደለም፤ ጥራቱ የተጠበቀም ያለ በሽታው ቢሰጥ አይፈውስም።

ስለ ስምም አንድ ቃል እንጨምር። አንድ መድኃኒት የንግድ ስምና የንጥረ ነገር ስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለንጥረ ነገሮች አንድ ዓለም አቀፍ ስም የመስጠትን ሥርዓት በ1950 እ.ኤ.አ. ወስኖ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቶበታል። በዚህ ሥርዓት የስሙ መጨረሻ ዝምድናን ይናገራል፤ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን ሁሉም በ«ሲሊን» የሚጨርሱት የፔኒሲሊን ወገን በመሆናቸው ነው። ፔኒሲሊን የሚያስቆጣው በሽተኛ ሲመጣ ተማሪው ይህችን መጨረሻ ይፈልጋል። እንግዲህ በፊደላችን ስንጽፍ ይህችን መጨረሻ ብናሳጥር ማስጠንቀቂያዋን እናበላሻታለን። የመድኃኒት ስም ሲጻፍ የወገን መጨረሻው ሳይሸራረፍ ይቆይ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ የተቆረጡ አይደሉም። በመድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት የሚቆሙ ባለሙያዎች «መጋመሻ ጊዜ»ን፣ «መቋቋም»ን፣ «ሙሉ መጠን»ን በሥራ ላይ ፈትነው፣ የትኛው በበሽተኛው ጆሮ እንደገባና የትኛው እንደከበደ ቢያስታውቁን እናርማለን። ተማሪዎችንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ መድኃኒቱን ከሰጡ በኋላ «ገባዎት?» ብለው አይለፉ፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ነው። «እስቲ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ይበሉ። ጎረቤታችን እንዲህ ተብለው ቢጠየቁ ኖሮ፣ የጎደለችው «የ» እዚያው መስኮቱ ፊት ትገኝ ነበር።