ምስጢርና ፍቅር በመምህሩ ብዕር

«ምስጢር» የሚለው ቃል ለዛሬ የልብ ወለድ አንባቢ የተሰወረ ወንጀልን ሲያስታውስ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን የሥላሴንና የሥጋዌን፣ ማለትም የወልድን ሰው መሆን፣ ጥልቅ ነገር ያመለክታል፤ በዚህ ስም የተጠራውን መጽሐፈ ምስጢርን የጻፈው የጋስጫው አባ ጊዮርጊስም የተማረው አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የትምህርት ማእከል ባደረጉት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። ገድሉ፣ ማለትም የሕይወቱ ትረካ፣ ጊዮርጊስ መጀመሪያ ትምህርት አልገባ ብሎት እንደ ነበርና በማርያም አማላጅነት ዕውቀት እንዳገኘ፣ ኋላም የዐፄ ዳዊትን ልጆች እንዳስተማረ ይተርካል፤ ታሪኩ የገድል ወግ ቢኖረውም፣ ደካማ ተማሪ የነበረ መምህር የተማሪን ችግር ያውቃል ማለት ይቻላል።

በ1424 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተፈጸመው መጽሐፈ ምስጢር መናፍቃን የተባሉትን ትምህርቶች አንድ በአንድ እያነሣ የሚሞግት በመሆኑ፣ አጻጻፉ በማስረጃ እየተከታተለ ስሕተትን የሚያጋልጥ መርማሪ ይመስላል። ለፍቅር ግን ሌላ ቅኝት ነበረው፤ የእርሱ ድርሰት ነው የሚባለው፣ ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለው አርጋኖነ ማርያም፣ ከክርክር ይልቅ በውዳሴ ይፈስሳል።