ስለ ጤና የሚነገረውን መርምሮ ስለ መቀበል

ስለ ጤና የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም። በእሳት የተቃጠለ ገላ የላም እበት ቢያደርጉበት ይድናል እየተባለ በኡጋንዳ ሲነገር ኖሯል፤ እበት ግን ቁስሉን ይመርዘዋል እንጂ አያድነውም። በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ወሬ ከመንደር ወደ መንደር እስኪደርስ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ግን በእጅ ስልክ በጥቂት ደቂቃ ከአገር ወደ አገር ይዛመታል። ስለዚህ ወሬው ሳይደርስ የሰሚው አእምሮ አስቀድሞ ሊሠለጥን ይገባል።

ይህንንም በማሰብ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በ120 የኡጋንዳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት አደረጉ። ከትምህርት ቤቶቹ እኩሌታው በዕጣ ተለይቶ በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍ ተሰጠው፤ እኩሌታው እንደ ወትሮው ተማረ። በመጨረሻም በተሰጠው ፈተና በመጽሐፉ ከተማሩት 69 ከመቶ ሲያልፉ፥ ከቀሩት ያለፉት 27 ከመቶ ብቻ ሆኑ።

ሐሳቡም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተሸጋግሮ፥ በ2022 ዓ.ም. በኬንያ፥ በሩዋንዳና በኡጋንዳ 244 ትምህርት ቤቶች የተካፈሉበት ጥናት ተደረገ። በኢንተርኔት የተዘጋጁትን 10 ትምህርቶች የተማሩት ተማሪዎች ካልተማሩት እጅግ በልጠው ተገኙ።

ይህ ትምህርት የመድኃኒት ስም አያስጠናም፤ መጠየቅን ያስለምዳል እንጂ። ይህን ያደረገ ሰው ዳነ ቢባል፥ ያላደረገውስ አልዳነምን? የተነጻጸሩት ሰዎች ስንት ናቸው? የተከፈሉትስ በዕጣ ነውን? ጥቅሙ ሲነገር ጉዳቱ ለምን ተሸሸገ? ጉንፋን የያዘው ሰው ምንም ባያደርግ በጥቂት ቀን እንደሚሻለው የሚያስታውስ ተማሪ በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ አይታለልም።

ስለ መሣሪያውም የሚነገር ቁም ነገር አለ። አዘጋጆቹ የብዙዎቹን ትምህርት ቤቶች ችግር ስላወቁ፥ ትምህርቱን በፕሮጀክተር ለሚያሳይ መምህርና በጥቁር ሰሌዳ ለሚጽፍ መምህር በሁለት ዐይነት አሰናዱት። እንግዲህ ጠመኔ ያለው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የለኝም ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ስልክ እውነቱንም ሐሰቱንም እኩል ያመጣል፤ የሚለየው ግን የጠያቂው አእምሮ ነው።

እርግጥ ነው፥ ሁሉን መጠራጠርም ሁሉን እንደ ማመን ያለ ስንፍና ነው፤ የሚፈለገው ማስረጃን መዝኖ መቀበል ነው። ልጅም ይህ በምን ታወቀ ብሎ ሲጠይቅ፥ አባትና እናት ነገሩን እንደ ድፍረት ሊቈጥሩበት አይገባም፤ ያ ጥያቄ አንድ ቀን የቤተ ሰቡን ሕይወት ያድን ይሆናልና።