ኤፍተሊንግ፦ ሕፃናት በእግራቸው የሚገቡበት የተረት ጫካ

በደቡባዊ ኔዘርላንድስ፣ ካትስሆቨል በምትባል ከተማ ዳርቻ ኤፍተሊንግ የሚሉት የመዝናኛ ፓርክ አለ። ትልልቆቹን የሚያስጮኹ ሮለርኮስተሮች አሉት፤ ባሮን 1898 የተባለው 37 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የተረት ጫካው ነው።

ጫካው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲከፈት 10 ተረቶች ነበሩት፤ ዛሬ ከ25 በላይ ደርሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ቤቶችና ገጸ ባሕርያት የነደፈው ሠዓሊው አንቶን ፒክ ነው። እንቅስቃሴውን፣ መብራቱንና ድምፁን ያቀናጀው ደግሞ ፒተር ሬይንደርስ። የተኛችው ልዕልት ደረት በእርጋታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ባለረጅም አንገቱ ላንግኔክ አንገቱን እየመዘዘ ከዛፎቹ መካከል ብቅ ይላል፤ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ቀያይ እንጉዳዮች ሙዚቃ ያሰማሉ። በ1966 የተጨመረው የውኃ አበቦች ትርኢት የተወሰደው የቤልጂየም ንግሥት ፋቢዮላ ከጻፈችው ተረት ነው።

ይህ ሁሉ ለሕፃን የሚመቸው በእግር የሚታይ ስለሆነ ነው። ሮለርኮስተር ላይ ቀበቶው አንዴ ከታሰረ ሐሳብ መለወጥ የለም። በጫካው ውስጥ ግን ተኩላውን የፈራ ልጅ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ የእናቱን ቀሚስ ይይዛል፣ ሲደፍር ደግሞ ይጠጋል። ፍርሃቱን የሚለካው ራሱ ነው። ድፍረት የሚለመደውም እንዲህ ነው።

ከ1959 ጀምሮ በፓርኩ የሚታወቀው ሆዳሙ ሆለ ቦለ ኸይስም ልጅ በራሱ ፈቃድ እንደሚማር ምስክር ነው። አፉን ከፍቶ «ወረቀት ወዲህ!» እያለ ይጣራል፤ ልጁ ወረቀቱን ሲያቀርብለት ስቦ ይውጥና ያመሰግናል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው፤ ልጆች ግን ወረቀት ከመሬት እየለቀሙ ይሰለፉለታል። ማንም ሳይቆጣቸው ንጽሕናን ይማራሉ።

ቀኑ እንዲያምር ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል። የልጁን ቁመት ቤት ለኩ፤ ባሮን ላይ ለመሳፈር 132 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ በር ላይ ደርሶ መመለስ ልጅን ያስለቅሳል። ጫካውን ጠዋት፣ እግር ሳይደክም ግቡበት። ፓርኩ ሰፊ ነውና በደንብ ለሚራመድ ልጅም ቢሆን ጋሪ ያዙ። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ እሰሩለት። አንዱን ነገር ደጋግሞ ማየት ከፈለገ ተዉት፤ ድካሙ ወደ ልቅሶ ሳይለወጥ ደግሞ ተነሡ። የከፈልነው ገንዘብ ይውጣ ብሎ ልጅን ከወዲያ ወዲህ መጎተት ቀኑን ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ተረቶቹን በዋዜማው ንገሩት። ሆላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ትምህርት ቤት በሆላንድኛ የሰማውን የባለቀይ ቆቧን ልጅና የተኩላውን ታሪክ «ተረት ተረት» ብላችሁ በአማርኛ ብታወሩለት፣ በማግስቱ ጫካ ውስጥ የሚያገኘው የሚያውቀውን ዘመድ ነው። ሲመለስ ደግሞ ተራውን እሱ ይንገራችሁ። ምን እንዳስፈራው፣ ምን እንዳሳቀው፣ ተረቱን የት ላይ እንደለወጠው ስትሰሙ፣ የዋለበትን ቀን እሱ ባየበት ዓይን ታያላችሁ።