ስፖርት፣ አንጎልና መጠጥ፦ ከኳስ በኋላ ያለችው ሰዓት

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ካርቲየ ሰባት ለሚኖሩ ወጣቶቻችንና የእነሱ ነገር እንቅልፍ ለነሳቸው ወላጆች ነው።

ሥራ የለም፣ ትምህርት ተቋርጧል፣ የኬዙም መልስ ይዘገያል። ማታ ሲሆን ጓደኛ ጓደኛውን ይጠራል፤ ከሰዓት በኋላ ሲቅም የዋለውም ለጨብሲ ይወጣል። ለምን እንደሚጠጡ ሲጠየቁ «ሐሳብ ለመርሳት ነው» ይላሉ። ይረሳሉም። ግን አብሮ የሚረሳ ሌላም ነገር አለ።

በአንጎላችን ውስጥ፣ ከጆሮ ገባ ብሎ በግራና በቀኝ፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል ይገኛል። ዛሬ የሰማነውን ስም፣ ትናንት የተማርነውን የፈረንሳይኛ ቃል የሚመዘግብልን እሱ ነው። መጠጥ ሲበዛበት መመዝገቡን ያቆማል። ማታ ያደረገውን ጠዋት ሲነግሩት «እኔ ነኝ?» የሚል ሰው አይታችሁ ይሆናል፤ ሰውየው እየዋሸ አይደለም፣ ነገሩ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም።

በወጣት ላይ ደግሞ ይብሳል። «ተው፣ ይበቃል» የሚለን በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነው። ባልደረቀ የጭቃ ግድግዳ ላይ ዝናብ ሲወርድበት አስቡት። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ስፖርትስ ምን ያደርጋል? ስንሮጥ አንጎል ለሕዋሳቱ እንደ ማዳበሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 120 አዛውንቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ ተራመዱ። በመጨረሻ ሲለካ ሂፖካምፐሳቸው 2 በመቶ ያህል አድጓል፤ ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት ግን ቀንሶባቸዋል። መጠጥን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጦች ላይ የተሠራ ሥራ አለ፤ አስቀድመው ሲሮጡ የሰነበቱት አይጦች ብዙ አልኮል ሲሰጣቸው ካልሮጡት ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው።

«ታዲያ ሮጦ መጠጣት ይቻላል ማለት ነዋ!» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ክፍል ውስጥም እንዲህ ያለው ተማሪ ከኋላ ወንበር ይገኛል። የአይጥ ነገር ለሰው ፈቃድ አይሆንም። ሌላም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 150 ያህል ሰዎች የየዕለት ስፖርታቸውንና መጠጣቸውን ሲመዘግቡ፣ ብዙ የተንቀሳቀሱበት ቀን ብዙ የጠጡበትም ቀን ሆኖ ተገኘ! እኛ ሰፈርስ? ያሸነፈው ይጋብዛል፣ የተሸነፈው ይበሳጫል፣ ሁለቱም ይጠጣሉ። ስለዚህ እኔ የምፈራው ከኳሱ በኋላ ያለችውን ሰዓት ነው። ቡድን የሚመሩ ታላላቆች ውሃና ስኳር የበዛበት ሻይ አዘጋጅተው ልጆቹን እስከ እራት ድረስ ቢያቆዩ፣ ከጨዋታው እኩል ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

ስለ ሙቀቱም እናንሳ። በበጋ ጅቡቲ 40 ዲግሪ ያልፋል። መጠጥ ኩላሊት ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ ማታ የጠጣ ሰው በማግስቱ ፀሐይ ላይ ቢሮጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ጫትም የልብ ምትና የደም ግፊት ስለሚጨምር ምርቃና ላይ ሆኖ መሮጥ ጥሩ አይደለም። ደህናው ሰዓት ከንጋቱ 11 ተኩል ነው። በዚህ አገር ሯጭ አይወጣም ለምትሉ፣ ጅቡቲያዊው አህመድ ሳላህ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በማራቶን ነሐስ አግኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሜዳ የግድ አይደለም። እናቶቻቸው ከቤት እንዲወጡ የማይፈቅዱላቸው እህቶቻችን ግቢ ውስጥ ገመድ ቢዘሉ ያው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ስፖርተኛ ነኝ» ብሎ በአንድ ጊዜ ቢያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያለ ወንድም ካላችሁ ከማቆሙ በፊት ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት፤ ሩጫው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።